የዕድሩ አግዳሚና አርባ ቁጥር

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ካውያዬ ጠዋት ጭስ አውጥቶ ሞተ። ደግነቱ የሰው ቀሚስ ላይ አልነበረም። ሙንዚር ከኮምቦልቻ ደሴ ተሳፋሪ ጭኖ ሲወጣ «ስትመለስ ካውያ ይዘህ ና» አልኩት። የልብስ ካውያ። ከባዱን። ውሃ የሚረጨውን። ደግሜ ልንገርህ? ስለው... «አውቃለሁ» አለ። ባሌ የማያውቀው ነገር የለም።

ማታ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ከፈትኩት። እጀታ አለው። ታቹ ክብ ነው። ከኋላው ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥላለች። ካውያ ከረጢት ምን ያደርግለታል?

«ካውያው የታለ?»

«ከካውያ የሚበልጥ ነው። ሳንደር ይባላል። የእንጨት ማለስለሻ።»

«እኔ የምተኩሰው ጨርቅ ነው፣ ሙንዚር!»

«ካውያም ያለሰልሳል፤ ይሄም ያለሰልሳል። ልዩነቱ ምንድነው?»

እህቴ ረውዳ «ባልሽ ሲያናድድሽ አትጩኺ፣ ጻፊው» ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩ። ገና አልበረደልኝም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ ጀመረ። በሩን አለሰለሰ። በርጩማውን አለሰለሰ። መከተፊያውን አለሰለሰ። የወጥ ማማሰያዬን ይዞ ሲገባ ሳየው ሮጥኩ፤ አልደረስኩም። ማማሰያ ሄዶ መፋቂያ ሆኖ ተመለሰ።

ምሳ ላይ ሽሮው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ አለኝ። «ለጉንፋን ጥሩ ነው» አለ።

ኅዳር 6

ተረከዙን አለሰለሰ። ንቃቃት ነበረበት። አሁን ንቃቃቱም የለም፣ ተረከዙም ያለ አይመስልም። በፋሻ አሰርንለት። «ወላሂ ትንሽ ነው የነካሁት» ይላል። ሰው እንዴት የገዛ እግሩን...? ተወው።

ኅዳር 7፣ እሁድ

የዕድር ስብሰባ ነበር። ዳኛችን ሐጂ ሀምዱ ተነሥተው «ጀመዓ፣ አግዳሚዎቻችን ሰው መብላት ጀምረዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ለቅሶ ላይ አንዱ አግዳሚ የእትዬ ሰርካዲስን ነጠላ ይዞ አልለቅም ብሎ፣ ሴትዮዋ እያለቀሱም እየጎተቱም ነበር። እሳቸው የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ጎረቤታችንም ናቸው። ልጃቸው እስከዳር ደግሞ በጥር ታገባለች። ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ነኝ። ስስ ነው። መሬት የሚጠርግ ጅራት አለው። እነዚያ አግዳሚዎች ላይ ሲቀመጥና ሲቀደድ ታየኝ።

አንዱ «የፕላስቲክ ወንበር እንከራይ» አለ። ይሄኔ ሙንዚር በፋሻ እግሩ ተነሣ። ቆነጠጥኩት። አልሰማም።

«ለኔ ተዉት! ማሽን አለኝ። እንደ መስታወት አደርጋቸዋለሁ።»

ሐጂ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ፋሻው ላይ ቆም አሉ።

«ሥራውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ!»

ያ ረቢ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው አግዳሚ መጣ። ሙንዚር ከማሽኑ ጋር ከመጡት ክብ ብርጭቆ ወረቀቶች መካከል አርባ ቁጥሩን መረጠ። ስነካው እንደ ድመት ምላስ ነው። ኧረ ከድመትም ይብሳል።

«ይሄ አይሻክርም?»

«አንቺ ደግሞ! የጫማ ቁጥር አታውቂም? ትንሽ ቁጥር የሕፃን ነው። የሕፃን ነገር ደግሞ ለስላሳ ነው።»

አልተከራከርኩም። እንዲህ ሲያስረዳኝ እውነት መስሎ ይታየኛል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ማሽኑን አስነሣና ሙሉ ሰውነቱን ጫነበት። ተኛበት ብል ይቀለኛል። ሲጨርስ አግዳሚው ዳገትና ቁልቁለት ሆኗል፤ ልክ ወደ ደሴ የሚወጣው የሐረጎ መንገድ። እንጨቱ ደግሞ እንደ ተቆጣ ጃርት ፀጉሩን አቁሟል። ሙንዚር ግን አቧራው ውስጥ ነጭ ሆኖ ቆሞ ይስቃል።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሐጂ ሀምዱ ሊያዩ መጡ። ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ብለው ሳይጨርሱ ተነሡ።

ስንጥሩ የት እንደገባ አልጽፍም። ለራሴም ቢሆን አልጽፍም። ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ መጥተው መርፌና ወረንጦ ተዋሱኝ፤ ይኸው ነው።

ኅዳር 14

የዕድሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። ሐጂ ቆመው መሩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ለቀሚሱ ዳንቴል ስለሚያስፈልገኝ ደሴ ወጣሁ። እግረ መንገዴን የማሽኑን ወረቀት እኔ ራሴ ልግዛ አልኩ። ሙንዚር እግሩ አልዳነለትም፤ ቤት ቀረ። ደሴ ብርዱ! ኮምቦልቻ በላብ ተነሥቼ እዚያ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

ሰኞ ገበያ በሰኞ... ሰው አይሄድም፤ ይወሰዳል። ሕዝቡ ራሱ ገፍቶ አንድ የዕቃ መሸጫ በር ላይ አራገፈኝ። ባለሱቁ ጋሽ እንየው ይባላሉ። ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ያበራል። ለምን? ብዬ ነበር። ኋላ ገባኝ።

«ክብ ብርጭቆ ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«ማሽኑ ስንት ቀዳዳ ነው?»

ቀዳዳ? «የማሽኑና የወረቀቱ ቀዳዳ ካልገጠመ ብናኙን ከረጢቱ አይስበውም። ያንቺ ሳንባ ነው የሚስበው» አሉኝ። ሙንዚር ጋ ደወልኩ።

«ቀዳዳውን ቁጠርልኝ።»

«የትኛውን?»

«የሚሽከረከረው ላይ ያለውን!»

ጠፋ። ተመለሰ። «ሁለት ነው።»

ጋሽ እንየው ሁለት ቀዳዳ ያለው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

«ሙንዚር፣ የት ነህ አሁን?»

«ግድግዳው ጋ።»

«እሱ ሶኬቱ ነው! የሚሽከረከረው ሶኬቱ ነው ወይ?!»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስምንት መሆኑ በመጨረሻ ታወቀ።

ቁጥሩን ጠየቅኩ። «ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ» አሉ። እርግጠኛ ነዎት? ስል ተቀየሙ መሰለኝ፤ ሁለት መቶ አርባውን አንሥተው ግራ ጉንጫቸውን ፈተጉ። «ይኸው! ሙሽራ ብትስመኝ አትጎዳም።» መቶ ሃያውን ፈተጉ፤ ፊታቸው ትንሽ ተጨማደደ። ስልሳውን ሲፈትጉ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። አርባ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄን አልሞክርም። ልጆች አሉኝ።»

ባሌ በሱ እንደጀመረ ነገርኳቸው። «አርባ የተጣመመ ጣውላ ለመላጥ እኮ ነው! የሰው መቀመጫ ላይ...?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። የሐጂን ነገር ዋጥኩት።

አግዳሚው አሮጌ ቫርኒሽ ስላለው ለላይኛው ነጭ ነጩን ወረቀት ሰጡኝ፤ ቫርኒሹ ቶሎ አይደፍነውም አሉ። ከዚያ ስልሳ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሰማኒያ። «ደረጃ አትዝለይ፣ እታለም። ስልሳው የቧጨረውን መቶ ሃያው ነው የሚያጠፋው። ዘለሽ በለስላሳው ብትሄጂ ጭረቱን አሳምረሽ ታስቀሪዋለሽ።» ገባኝ። እኔስ በመርፌ ሳልይዘው በማሽን እሰፋለሁ እንዴ?

ለሙንዚር ሁሉንም ነገርኩት። አውቃለሁ አለ።

ኅዳር 21፣ እሁድ

ምን ብዬ ልጀምር?

ሐጂ ሀምዱ ሁለተኛ ዕድል ሊሰጡት መጡ። ጋቢ ለብሰዋል። ከሩቅ ሊቆሙ ነበር፤ ሙንዚር «ቀረብ ይበሉ፣ ልዩነቱን በዓይንዎ ይዩት» አላቸው።

ወረቀቱ ማሽኑ ላይ የሚይዘው እንደ ሕፃናት ጫማ ማሰሪያ ነው፤ ታቹ ጥቃቅን መንጠቆ አለው፣ ለጠፍ ታደርጊዋለሽ፣ ቸርር ብሎ ይላቀቃል። መንጠቆው አቧራ ከሞላው ግን አይይዝም። ጥረገው አልኩት። መልሱን አልጽፈውም፤ እጄ ሰልችቶታል።

ማሽኑ ተነሣ። ወረቀቱ በረረ። አጥሩን ተሻግሮ እትዬ ሰርካዲስ ግቢ ገባ። የዶሮ ጩኸት ሰማን። ሙንዚር ወዴት እንደበረረ ለማየት ሲዞር ማሽኑም አብሮት ዞረ፤ ያ ባዶ መንጠቆ የሐጂን ጋቢ ጫፍ ያዘ።

ጋቢው ተጠቀለለ። ሐጂም ጋቢውን አለቅም ብለው ተከተሉ። አንድ ጊዜ ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ሙንዚር ማጥፊያው ጠፋበት፤ የማሽኑን ከረጢት ይጫናል፣ ገመዱን ይጫናል፣ አንዴ የሐጂን ክንድ ተጫነ። ሮጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ማሽኑ ቆመ። ሐጂና ሙንዚር አንድ ጋቢ ውስጥ ጉንጭ ለጉንጭ ቆመዋል።

«ሙንዚር» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ልጄ... ፍታኝ።»

ፈታናቸው። ጋቢያቸውን አራገፉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። አግዳሚዎቹ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሱ፣ ለሠርጉ ፕላስቲክ ይከራይ አሉና ሄዱ።

አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሙንዚር አልሳቀም።

ኅዳር 22

ምሳ አልበላም። ተሳፋሪ ሊጭንም አልወጣም። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሣ፣ መሪ ይዞ ተቀምጧል። ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ። ልቀልድበት ነበር። የሚያውቅ ሰው... ልለው ነበር።

«አባዬ የሠራቸው ናቸው» አለ።

«ምኑን?»

«አግዳሚዎቹን። በሺር አናጢው እኮ ነው የሠራቸው። ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሌላው ረስቷል። ሰው ልብሱ ሲያዝበት 'ማን የሚሉት ደንቆሮ ነው የሠራው!' ይላል። አጠገቤ ተቀምጦ። እኔ ምን ልበል?»

አማቴን በሕይወት አልደረስኩባቸውም። ሙንዚር ገና ልጅ ሳለ ነው የሞቱት። መጋዝ እንኳ ሳያስይዙት።

«ሲሠራቸው እንዲህ አልነበሩም፣ ሙና። ዝናብና ፀሐይ ነው ያበላሻቸው። እኔ ደግሞ ጨረስኩላቸው።»

ሳቄ ከአፌ ተመለሰ። ምን ዓይነት ሚስት ነኝ? ሰውዬው ማማሰያ ሲፈጭ ለካ እጁን እየተለማመደ ነበር።

አብሽር፣ አይዞህ አልኩት።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

እትዬ ሰርካዲስ ጋ ሄድኩ። «አንድ አግዳሚ ያውሱኝ» አልኩ።

«ሐጂ አይንካው ብለዋል እኮ።»

«ሙንዚር አይነካውም። እስከዳርን ቁጭ አድርጌ ቀሚሱን ልለካት ነው።»

ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። «እንዲሁ እንደሻከረ ትለኪያት? እንዳይወጋት አለስልሺው እንጂ!» ብለው ቁልፉን አነሡ። ዶሮዋ ደህና ናት። ትንሽ ላባ ጎድሏታል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማሽኑን እኔ ያዝኩ።

መጀመሪያ ፈራሁት፤ እጅ ውስጥ እንደ ተያዘ ንብ ይነዝራል። ከዚያ ለመድኩት። የስፌት ማሽኔም እኮ ሲጀመር እንዲሁ ነበር። የመርፌ መልቀሚያ ማግኔቴን እንጨቱ ላይ ጎተትኩ፤ ልጥፍ ባለበት ሁሉ ሚስማር አለ። ሙንዚርን ሚስማሮቹን በመዶሻ ወደ ውስጥ አስገባልኝ አልኩት። ይሄን በደንብ ይችላል። ሲችል ደስ አለው፤ አየሁት።

በልብስ ጠመኔዬ አግዳሚውን በሙሉ አሰመርኩበት። መስመሩ እስኪጠፋ በስልሳው ሄድኩ። ጠረግኩ። እንደገና አሰመርኩ። በመቶ ሃያው ሄድኩ። ያን ጊዜ መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ ጥግ ላይ የቀረውን ሳይ፣ ጎድጓዳው የት እንዳለ እንጨቱ ራሱ ነገረኝ።

«ጫን በይው!» ይላል ሙንዚር ገመዱን ይዞ።

«አልጫንም። በራሱ ክብደት ይሂድ።»

«እኔ ብሆን እጫነው ነበር።»

«አይተነዋል።»

መንጠቆውን በብሩሽ እየጠረገ ወረቀት ያቀብለኛል። አንዱ ጫፉ ሲቀደድ ልቀጥልበት ስል «ቀይሪው፣ ይቧጭራል» አለ። ልክ ነበር! በመቶ ሰማኒያው ስጨርስ የዋንዛው እንጨት ቀላ፤ ከሥሩ እንደ ማር ያለ ነገር ወጣ። ከቀሚሱ የተረፈችኝን ስስ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ጎተትኩበት። አንድ ክር አልያዘም።

ሙንዚር መዳፉን አንዴ አሳለፈበት። «ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝና ገባ። ብዙ ቆየ። ሻይ እንዲህ ያስቆያል እንዴ?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

እትዬ ሰርካዲስ ነግረዋቸው ኮሚቴው ሊያይ መጣ። አግዳሚውን ግቢው መሐል አቆምነው። ማንም አልተቀመጠም።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ሐጂ» አሉ ከኮሚቴው ሽማግሌ አቶ ኪዳኑ።

«ኧረ በአላህ! ታላቅ እያለ? አቶ ኪዳኑ፣ እርስዎ።»

«ቤቱ የማን ሆነና? ባለቤቱ ይቅደም።»

ባለቤቱ እሺ ብሎ ሊቀመጥ ሲል «አንተ ተው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። እንዲህ ያለ መከባበር አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ እትዬ ሰርካዲስ «ምን ሆናችኋል?» ብለው ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወዲያ ወዲህ ፈተጉ። ሳቁ።

ሐጂ በእጃቸው ዳሰሱ። ጎንበስ ብለው በዓይናቸው መረመሩ። ቀስ... ቀስ... ተቀመጡ። ቆዩ። መደገፊያውን መታ መታ አደረጉ።

«ማሻአላህ። ይሄ የበሺር እጅ ነው። ረስቼው ነበር።»

ሙንዚር «ጎማ ልይ» ብሎ ወጣ። መኪናው የቆመው ግቢ ውስጥ ነበር።

የቀሩትንም አምጡ ተባለ።

ታኅሣሥ 20

ጠዋት ቀሚስ፣ ከሰዓት አግዳሚ። አቧራው ሐር ላይ እንዳያርፍ መሐል ላይ ልብስ ቀይሬ፣ ተለቃልቄ... ሕልሜም ይነዝራል። ሙንዚር ደሴ በሄደ ቁጥር ወረቀት ያመጣል። ጋሽ እንየው ቀኝ ጉንጫቸውንም ጀምረዋል አለኝ።

ጥር 10

የመጨረሻው አግዳሚ ቫርኒሽ ደረቀ። ቀሚሱ ጅራቱ ቀርቶታል። ወገቤ የለም።

ጥር 17፣ እሁድ

ሠርግ! እጄ ሳይታጠብ ልጻፈው።

እስከዳር ገባች፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች። ቀሚሱ ላይ አንዲት ክር አልተሳበችም። አለቀስኩ። ለቀሚሱ ይሁን ለአግዳሚው አላውቅም።

ከዚያ የሙሽራው ሽማግሌዎች ከገራዶ ደረሱ። የክብር ቦታቸው ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ አግዳሚ ነው። ግቢው ደግሞ ትንሽ ያዘነበለ ነው። የሙሽራው አጎት ጋሽ ጸጋው፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፣ ላይኛው ጫፍ ተቀመጡ... ተንሸራተቱ። አጠገባቸው ያሉትን ገፉ። እነሱም ቀጣዩን። አንድ መስመር ሽማግሌ ከነካባው ቁልቁል ሄደ። ታችኛው ጫፍ ላይ ሐጂ ሀምዱ ነበሩ።

ሙንዚርን አየሁት። የዳሱን ጣሪያ ያያል።

«ምን አደረግክ?»

«ትናንት ማታ... ትንሽ ሻማ ቀባሁት። ከበፊቱም በጣም ለስላሳውን፣ ባለ ሺ ቁጥሩን ወረቀት አሳልፌ። እንዲያምር ብዬ።»

ሐጂ ሁለት እግራቸውን መሬት ተክለው፣ ከዘራቸውን ድጋፍ አድርገው፣ የገራዶን ሽማግሌ በሙሉ እንደ ፍሬን ያዙ። ፊታቸው ቀላ። ሊቆጡ ነው ስል... ሳቁ። ሐጂ ሀምዱ ጥርስ እንዳላቸው ዛሬ አወቅኩ። ጋሽ ጸጋውም ሳቁ። ሰው እየተነሣ ላይ ሄዶ እየተቀመጠ፣ እየተንሸራተተ... ሙሽሮቹን ማን አያቸው? «ይሄን የመሰለ አግዳሚ ማን ሠራው?» ብለው ጋሽ ጸጋው ሲጠይቁ ሐጂ በእጃቸው ወደ ሙንዚር አመለከቱ። «አባቱ።»

ሙንዚር ቀና ብሎ ቆመ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

ጥር 18

ሻማውን በማሽን ሳነሣ ዋልኩ። ሻማ ወረቀት እንደሚደፍን ሙንዚር... አልልም። አልጽፍም።

ጥር 24፣ እሁድ

ግቢያችን የሰው ዕቃ ሞላ። ከሐርቡ የመጣ ሰው አልጋ፣ የእትዬ ሰርካዲስ ሳጥን፣ ከመስጊድ የመጣ የቁርኣን ማስቀመጫ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስፌት፤ እሁድ እንጨት። ሙንዚር እሁድ መኪናውን አያወጣም፤ ሚስማር ይነቅላል፣ ይጠርጋል፣ ወረቀት ያቀብላል።

ከሰዓት አንድ ሰው ትልቅ የወይራ በር አሸክሞ መጣ። አያቱ የተከሉት በር ነው፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። እኔ አልጋውን በማሽኑ እያለሰለስኩ ነኝ። ሰውዬው ሙንዚርን ጠየቀ።

«ይሄን በስንት ቁጥር ነው የምትጀምሩት?»

ሙንዚር በሩን አየ። ዳሰሰው። አፉን ከፈተ። የሚመጣውን ጠብቄ ጥርሴን ነከስኩ።

«አላውቅም» አለ።

እጄ ቆመ። በደንብ ሰማሁ ይሆን? ማሽኑን አጠፋሁ።

«ምን አልክ?»

«አላውቅም አልኩ።»

«አልሰማሁህም፣ ሙንዚር።»

«አላውቅም! አላውቅም! ሙናን ጠይቋት!»

አጥሩ ማዶ እትዬ ሰርካዲስ «እሰይ!» ሲሉ ተሰማኝ።